ሁለተኛዋ ሞተር

ሸኮ ላይ ዝናብ ያዛቸው።

ከቴፒ ሲነሱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ሸኮ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ግን ከጫካው ጀርባ የተነሳው ደመና መንገዱን አጨለመውና አፍታም ሳይቆይ ዶፉን ለቀቀው። ይትባረክ ሞተሯን ወደ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ አስጠግቶ መጀመሪያ ሰርካዲስን፣ ቀጥሎ የክትባቱን ሳጥን አወረደ። የዝናብ ልብሱን አውልቆም ሳጥኑን ሸፈነበት። የእሱ ሸሚዝ ከገላው ጋር ተጣብቋል።

«ክትባቱ ቅዝቃዜ ነው የሚፈልገው፤ ምን ብለህ አለበስከው?» አለች ሰርካዲስ እየሳቀች።

«ቅዝቃዜ እንጂ ዝናብ አይፈልግም፣ ሲስተር።»

ነርስ በመሆኗ አገሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። ከይትባረክ አፍ ሲወጣ ግን ቃሉ ይለሰልስባታል፤ የቤት ስሟን የጠራት ይመስላታል።

አንድ የጤና ፕሮጀክት ቀጥሯት፣ ከቴፒ እስከ ሸዋ ቤንች ባሉት ጤና ኬላዎች እየዞረች ሕፃናት ትከትባለች። መኪና በማይገባበት የቡና ጫካ ሁሉ የሚያደርሳት የፕሮጀክቱ ሞተረኛ ይትባረክ ነው። ቴፒ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ በቡና እርሻ የቀን ሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ቁመተ ረጅምና ዝምተኛ ወጣት። ሰርካዲስ ደግሞ ሚዛን ተፈሪ መሃል ላይ ትልቅ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው የወይዘሮ በየነች ልጅ ናት። ከተማው ውስጥ «የማን ልጅ ናት?» ተብሎ ከሚጠየቅባቸው ቤቶች አንዱ የእነሱ ነው።

አብረው መሥራት የጀመሩ ሰሞን፣ የሞተሯ የግራ ስፖኪዮ ወደ ኋላ የቀረውን መንገድ ሳይሆን የእሷን ፊት እንደሚያሳይ አስተዋለች። መጀመሪያ የላላ መስሏት ነበር። በማግሥቱም እንደዚያው ነው። ዓይኖቻቸው በዚያች ትንሽ መስታወት ውስጥ ሲገጣጠሙ ሁለቱም ቶሎ ብለው ወደ ዛፉ፣ ወደ ጭቃው፣ ወደተገኘው ነገር ያያሉ። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። ዓመት ሙሉ የተባባሉት ሁሉ እዚያ መስታወት ውስጥ ነው ያለው።

«ዝናቡ የሚያባራ አይመስልም። ጨዋታችንን እንጫወት?» አለ ይትባረክ።

ጨዋታው የተጀመረው ሁለት ፈረንጆች በትልልቅ ሞተር ሚዛንን አቋርጠው ያለፉ ቀን ነው። ከተማው ቆሞ ሲያያቸው እነሱም አብረው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲረዝምባቸው ይሄንኑ ይጫወታሉ።

«እሺ» አለች። «ገንዘብ ችግር አይደለም እንበል። ሁለት ሞተር ምረጥ። ሦስተኛ የለም።»

«አንደኛዋን ታውቂያታለሽ።»

«ቢኤምደብልዩዋ።»

«እሷ ናታ!» ዓይኑ በራ። «ረጅሟ። ጭቃ ቢሉ ጭቃ፣ ድንጋይ ቢሉ ድንጋይ የማትፈራ። መንገዱ ያልቃል እንጂ እሷ አትደክምም።»

«ሁለተኛዋስ? ሁልጊዜ ሁለተኛዋን ትደብቀኛለህ።»

ይትባረክ ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ በመዳፉ ተቀብሎ ፊቱን አበሰ። ጊዜ የሚገዛ ይመስል ነበር።

«ትንሽ ናት። ቀለል ያለች ሆንዳ፤ መቀመጫዋ ዝቅ ያለ፣ በቁልፍ ብቻ የምትነሳ። አጠር ያለ ሰው እንኳ ሲቀመጥባት ሁለት እግሩ መሬት ይነካል።»

«አንተ ረጅሙ! ጉልበትህ አገጭህን ይመታሃል እኮ!»

«ለራሴ መች አልኩ።»

የሰርካዲስ ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ታዲያ ለማን ነው?»

«አንቺ ብትነጂያት ብዬ ነው» አለ ዝናቡን እያየ። «ራስሽን ችለሽ።»

ራስሽን ችለሽ። ቃሉ ደረቷ ላይ አረፈ። እሷ በዚህ ዓለም ላይ እንደዚያ ጀርባ የምትወደው ቦታ አልነበራትም። ዳገቱን ሲወጡ ጃኬቱን የምትይዝበት፣ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ግንባሯ ትከሻውን ሊነካ ትንሽ የሚቀረው። ለካ እሱ የሚያልመው እሷ ከዚያ የምትወርድበትን ቀን ኖሯል።

«የአንቺስ?» አላት።

«አንደኛዋ የፈረንጆቹ ዓይነት ናት። ባሕር እስካይ ድረስ የምትወስደኝ።»

«ሁለተኛዋስ?»

አልመለሰችለትም። እሱም ደግሞ አልጠየቃትም፤ ለምን ዝም እንደምትል ያውቃል። ወንድሟ ብሩክ ከሸዋ ቤንች ሲመለስ አንድ ጠምዛዛ መንገድ ላይ በሞተር ወድቆ ነው የሞተው። ከቀብሩ ወዲህ እነ ወይዘሮ በየነች ቤት «ሞተር» የሚባል ቃል አይነሳም። የብሩክም ስም አይነሳም። ሰርካዲስ ሥራዋን ስትጀምር ለእናቷ «በመሥሪያ ቤት መኪና ነው የምሄደው» አለቻቸው፤ እናቷም አመኑ። አባት የሌለው ቤት ነው። ከሁለት ልጅ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት።

ዝናቡ አባርቶ ሲነሱ ሰርካዲስ መስታወቱን አየች። ይትባረክ ያያት ነበር። የዚያን ቀን ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ናት፤ ለምን እንደሆነ ባታውቀውም ልቧ ሊያለቅስ ዳር ዳር ይል ነበር።

* * *

ሰኞ ጠዋት ሚዛን አደባባዩ አጠገብ ሲቀበላት ስፖኪዮው ወደ መንገዱ ተመልሶ ነበር።

ሰርካዲስ ከኋላው ተቀምጣ ጥቂት እንደሄዱ ነው ያየችው። መስታወቱ ውስጥ የእሷ ፊት የለም። ወደ ኋላ የሚሸሸው ቀይ መንገድ፣ ጀሪካን የተሸከመች አህያ፣ እየራቀ የሚያንስ ሰው ብቻ። ወደ ግራ ዘንበል ብላ ራሷን ፈለገች፤ የለችም። ላልቶ ይሆናል ብላ ልታስብ ሞከረች። ልቧ ግን እንዳልላላ ነገራት።

«ደህና አደርሽ» ከማለት በቀር ምንም አላላትም። ብሩክ የወደቀበት መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ግን እንደ ሁልጊዜው ማርሽ ቀንሶ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሆኖ አለፈው። እንዲህ እንዲያደርግ ለምናው አታውቅም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳትነግረው ነው የሚያደርገው። ዛሬም ማድረጉ ይበልጥ ግራ አጋባት።

ሸዋ ቤንች የሚጠብቋቸው እናቶች ብዙ ነበሩ። ሰርካዲስ ሕፃናቱን ስትከትብ፣ እናቶቻቸውን ስታጫውት ቆይታ ስትጨርስ ይትባረክን ከግቢው ጀርባ አገኘችው። ቀይ ቡና በተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ አጠገብ ቆሞ፣ ፍሬውን በጣቶቹ ወዲያ ወዲህ ያደርጋል።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ይትባረክ፣ እየኝና ንገረኝ።»

አላያትም። «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሌላ ሞተረኛ ነው የሚወስድሽ። ፍሬአብ ይባላል፤ ጎበዝ ነው፣ አይሮጥም። እኔ ቱም ላለው ቢሮ ተመድቤያለሁ።»

ቱም። ከሚዛን ወደ ደቡብ፣ ክረምት ሲሆን መንገዱ የሚቆረጥ፣ ስልኩም ሲፈልግ የሚሠራ አገር። ሰርካዲስ የቡናውን አልጋ ጠርዝ ያዘች።

«ማን መደበህ?»

«ራሴ ጠይቄ ነው።»

ቢመታት ይቀል ነበር። የበረንዳው ንግግር በአንድ ጊዜ ተመልሶ መጣባት። ዝቅ ያለች መቀመጫ። መሬት የሚነካ እግር። ራስሽን ችለሽ።

«ገባኝ» አለች። «ሁለተኛዋን ሞተር ለዚህ ነው የመረጥካት። እኔን ከጀርባህ አውርደህ እፎይ ለማለት። ከበድኩህ ማለት ነው?»

«ሲስተር…»

«ሲስተር አትበለኝ! ስም የለኝም? ዓመት ሙሉ በመስታወት ስታየኝ ሲስተር ነበርኩ?»

ይትባረክ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። በእጁ የያዘው ቡና አንድ በአንድ ወደ አልጋው ይንጠባጠባል። አንድ ቃል ብቻ ብትወጣው እሷ ወድቃ ታለቅስ ነበር። አልወጣችውም።

ሳጥኑን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ እየተጣደፈች ወደ አስፋልቱ ወጥታ ሚኒባስ ያዘች። በሚኒባሱ መስኮት ወደ ኋላ አላይም ብላ ነበር፤ አየች። እሱ ከግቢው በር ላይ ቆሞ ሄልሜቷን በሁለት እጁ ይዟል። ሕፃን እንደሚታቀፍ ነበር የታቀፈው። ያንን ማየቷ አለማየቷን አስመኛት።

* * *

ወይዘሮ በየነች ለአንዲት ሙሽራ እናት ጨርቅ እየለኩ ነበር። ልጃቸው ከሚኒባስ ስትወርድ ከሱቃቸው መስኮት ሲያዩ ፊታቸው ፈካ።

«በሚኒባስ መጣሽ? እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!» ካሉ በኋላ ደንበኛቸውን ሸኝተው ወንበር ሳቡላት። «ተቀመጪ፣ ሻይ ላስመጣልሽ።»

ሰርካዲስ አልተቀመጠችም። እናቷን ትኩር ብላ አየቻቸው።

«እማዬ፣ በመሥሪያ ቤት መኪና እንደምሄድ ነው የምታውቂው። በሚኒባስ መምጣቴ ለምን ደስ አለሽ?»

ወይዘሮ በየነች መቀሱን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ጨርቁን መጠቅለል ጀመሩ።

«ጨዋ ልጅ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ቃሉን ጠበቀልኝ።»

«ማን?»

«ታውቂዋለሽ።»

ከሸኮ ጨርቅ ልትገዛ የመጣች ሴት ናት የነገረቻቸው። «ልጅዎን በሞተር ስታልፍ አየኋት፤ እንዴት ታምራለች» ብላ። ሴትየዋ ያመሰገነች መስሏት ነው። ወይዘሮ በየነች እንቅልፍ አጥተው ሰነበቱ። ባለፈው ቅዳሜ ለሰርካዲስ «ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ» ብለው ቴፒ ሄዱ። እየጠየቁ ይትባረክን ከቤቱ አገኙት። ማንጎ ሥር ተቀምጦ ሞተሯን ያጥብ ነበር።

«ምን አልሽው?» አለች ሰርካዲስ።

«እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ቀድሞ ያዘኝ። አንድ ልጄን አፈር አልብሼዋለሁ፤ የቀረችኝን ከዚህ ነገር ላይ አውርድልኝ፣ ራቅልኝ አልኩት። አለቀሰ እኮ፤ ጎረምሳው ልጅ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እማማ፣ እርቃለሁ፣ አይዘኑ አለኝ። አውቶቡስ ድረስም ሸኘኝ።»

«ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?»

«አንቺን?» የእናቷ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «አንቺን ብጠይቅሽ ትዋሺኝ የለም ወይ? ስትዋሺኝ ኖረሽ የለም? ጠዋት በመኪና ነው ስትዪኝ ማታ የገባሽበትን በር ስምኩት እኮ! ምን እንደሸሸግሽኝ ሳላውቅ!»

ሰርካዲስ ቁጣዋ ከደረቷ ተነሥቶ አፏ ላይ ሲደርስ የእናቷን እጅ አየች፤ ጨርቁን ደጋግመው እየጠቀለሉ፣ ደጋግመው እየፈቱት ነበር። የተናደደችባቸው እናት እና ያዘነችላቸው እናት አንድ ሰው ሆነው ፊቷ ቆሙ። ከሁለቱም የባሰው ግን ሌላ ነበር። ሸዋ ቤንች ላይ ዝም ብሎ የቆመው ሰው፣ እሷ በቃላት ስትገርፈው፣ የእናቷን እንባ በአፉ ውስጥ ይዞ ነበር የቆመው።

* * *

በዚያ ሳምንት ሌላ የክትባት ጉዞ አልነበረም። ቅዳሜ ማለዳ በመጀመሪያው አውቶቡስ ቴፒ ደረሰች። ይህን ጊዜ ለእናቷ አልዋሸችም። «ይትባረክን ላየው ነው የምሄደው» ብላ ነግራቸው ወጣች። ወይዘሮ በየነች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቤቱ በር ላይ አንድ አይሱዙ ቆሟል። ሞተሯ ከላይ በገመድ ታስራ ተጭናለች። ይትባረክ መኪናው ላይ ወጥቶ ገመዱን እያጠበቀ ነበር። ስታየው ከሰው ሁሉ ይረዝማል፤ ትከሻው ግን ወርዷል።

«ይትባረክ።»

እጁ ገመዱ ላይ ቀረ። ዞሮ አያት። ከዚያ በፍጥነት፣ ከመኪናው ዘሎ ወረደ፣ እሷ ወደቆመችበት ማንጎ ሥር መጣና ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

«እናቴ ነገረችኝ» አለች።

አንገቱን ደፋ። «ባትነግርሽ ይሻል ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም? ያን ሁሉ ስልህ፣ ያን ሁሉ ስጮህብህ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ከእናትሽ ጋር እንድትጣዪ አልፈለግሁም። እኔን ብትጠዪ ያልፍልሻል። እናትሽን ግን…» ዓይኑን ጨፈነ። «አልቻልኩም ሰርካዲስ። ልጅ የቀበረች እናት እጄን ይዛ ስትለምነኝ እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ? የሷ እጅ ቀዝቃዛ ነበር። ቅዝቃዜው እስካሁን እጄ ላይ አለ።»

ሰርካዲስ። ስሟን ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ስም በመለያያው ቀን መጣላት።

«አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ» አለች። «ሁለተኛዋን ሞተር ለምን መረጥካት? እውነቱን ንገረኝ። ከጀርባህ ልታወርደኝ ነው ያልኩህን አልሰረዝኩትም።»

ይትባረክ ሳቅ የመሰለ ነገር ሳቀ፤ መሃል ላይ ተሰበረበት።

«ከኋላዬ ስትሆኚ አላይሽም እኮ። መስታወቱ ስንት ያሳያል? ግማሽ ግንባር፣ አንድ ዓይን። ስትስቂ ትከሻዬ ላይ ይሰማኛል፤ እንዴት እንደምትስቂ ግን አላይም። መጀመሪያ ላይ ያቺው ትበቃኛለች ብዬ ነበር። አልበቃችኝም። በአንቺ ሞተር አንቺ፣ በእኔ እኔ፣ ጎን ለጎን ብንሄድ፣ ዞር ስል ፊትሽን ሙሉውን ባየው ብዬ ነው። ሌላም አለ። ወደ እኔ የምትመጪው እኔ ስለወሰድኩሽ እንዳይሆን። መሪው በእጅሽ ሆኖ፣ ወደፈለግሽበት መታጠፍ እየቻልሽ፣ ወደ እኔ ከታጠፍሽ ያን ጊዜ እውነት ነው ብዬ ነው።»

ከማንጎው ላይ የሌሊቱ ዝናብ ጠብ ጠብ ይላል። ሰርካዲስ እንባዋን አልጠረገችም።

«የእኔን ሁለተኛ ልንገርህ?»

«ግድ የለም፣ አትንገሪኝ…»

«ልንገርህ። ቀይ ቦክሰር ሞተር ናት። አሮጌ። የፊት መብራቷ የተሰነጠቀ፣ ክላክሷ እንደ ዝይ የምትጮህ። ብሩክ በር ላይ ሲደርስ ሁለቴ ይነፋታል፤ እናቴ ከውስጥ ሆና አንተ ልጅ ጎረቤት አታውክ ትላለች፤ እሱም ሦስተኛ ይነፋል። ገንዘብ ችግር ካልሆነ እሷን ነው የምፈልጋት። እሱ እንደተቀመጠባት፣ ጭቃዋን ሳያጥብላት። ሌላ ሁለተኛ የለኝም። ሁለተኛዋን በጠየቅከኝ ቁጥር አፌ ላይ የምትመጣው እሷ ናት። በዓለም ላይ ያለ ገንዘብ ሁሉ ቢሰበሰብ አይገዛትም። ለዚህ ነው ዝም የምለው።»

ይህን ተናግራ አታውቅም። ለማንም። ለራሷም እንኳ በድምፅ አላለችውም። ከአፏ ሲወጣ ይትባረክ እነዚያን ሁለት እርምጃዎች ተራምዶ ያዛት። ራሷን ደረቱ ላይ ጥላ ለብሩክ አለቀሰች፤ በቀብሩ ቀን እናቷን ለማጽናናት ብላ የዋጠችውን ልቅሶ በሙሉ። አገጩ ፀጉሯ ላይ ነበር፤ እንባው በጆሮዋ ግንድ ሲወርድ ተሰማት።

የአይሱዙው ሾፌር ክላክስ ነፋ። ሁለቱም ደነገጡ።

«እንግዲህ ትቀራለህ» አለች ሰርካዲስ ቀና ብላ። አልጠየቀችውም፤ ለመነችው።

ይትባረክ ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ አየው። ሙሉውን። አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ የሚበቃውን ስንቅ እንደሚሰበስብ አድርጎ አየው።

«እወድሻለሁ» አላት። «ግን እሄዳለሁ። ቃሌን ለእናትሽ ሰጥቻለሁ፤ ዛሬ ባፈርሰው ነገ አንቺም የምታምኚው ቃል አይኖረኝም። የሰጠኋትን መልሳ ልትሰጠኝ የምትችል እሷ ብቻ ናት። ከመለሰችልኝ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ። ካልመለሰችልኝ…»

«ካልመለሰችልህስ?»

«ያን ጊዜም እወድሻለሁ። ቱም ሆኜ።»

መኪናው ሲንቀሳቀስ ከላይ፣ ከታሰረችው ሞተር አጠገብ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ ኋላ፣ ወደ እሷ አዙሮ። ሰርካዲስ አልሮጠችም፣ እጇንም አላወዛወዘችም። ያስፈለጋት እንዲያያት ብቻ ነበርና መንገዱ መሃል ቆመችለት። አቧራው ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ ግን አልጨፈነችም።

* * *

ሚዛን ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ወይዘሮ በየነች ሱቃቸው ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ገበያተኛ የለም። ምሳም እንዳልበሉ ከፊታቸው ታያለች።

ሰርካዲስ ገብታ ከእግራቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠች። በመንገድ ላይ ስታሰናዳው የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«ሄደ?» አሉ እናቷ።

«ሄደ። እንዲቀር ለመንኩት፤ ለእናትሽ ቃል ገብቻለሁ ብሎኝ ሄደ።»

ወይዘሮ በየነች መቀሱን ከጠረጴዛው አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልዋሽሽም። የሸኮ ልጆች ይጠብቁኛል፤ ሰኞ ከሌላው ሞተረኛ ጋር በሞተር እሄዳለሁ። ስነሣ እነግርሻለሁ፣ ስደርስ እደውልልሻለሁ። እየፈራሽ እንደምትውዪ አውቃለሁ። እኔም እፈራለሁ። ያቺ መታጠፊያ ጋ በደረስኩ ቁጥር እፈራለሁ። ይትባረክ ደግሞ ሳልነግረው ቀስ ብሎ ነው የሚያልፋት።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እወደዋለሁ። እሱንም አልደብቅሽም። ብሩክ ቢኖር መጀመሪያ የምነግረው ለእሱ ነበር።»

ብሩክ። ስሙ በሱቁ ውስጥ፣ በጨርቆቹ መካከል ቆመ። ሰርካዲስ እናቷ የሚጮኹ፣ ተነሥተው የሚወጡ መስሏት ነበር። ወይዘሮ በየነች ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሏት ጉልበታቸውን አቀፈችው። ቀና ብላ ስታያቸው እንባቸው እየወረደ፣ ግን በእንባው መሃል ፈገግታ ነበር።

«ያቺ ዝይ» አሉ። «ያቺን ዝይ ሲነፋብኝ…»

«ሦስተኛውን ሆን ብሎ ነበር እኮ የሚነፋው።»

«አውቅ ነበር። እኔም ሆን ብዬ ነበር የምቆጣው። ካልተቆጣሁ ሦስተኛውን አይነፋልኝማ።»

ከዚያ በኋላ እየተቀባበሉ ስለ ብሩክ አወሩ። ሾርባ አልወድም ስለማለቱ፣ አዲስ ጫማ ገዝቶ ለጓደኛው አውልቆ ስለመስጠቱ፣ ሲዋሽ ጆሮው ስለሚቀላው። ስሙን በጠሩ ቁጥር ቤቱ ትንሽ ትንሽ የሚሰፋ ይመስል ነበር። ውጭ መብራቶች ሲበሩ ወይዘሮ በየነች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። የልጃቸውን ፀጉር ማሻሸት ጀመሩ። ሰርካዲስ ቃሉን መልሺለት አላለቻቸውም። ደክሟት ነበር፤ ልቧ ደግሞ በዚያ ሰዓት የአይሱዙውን አቧራ እየተከተለ ወደ ደቡብ ይጓዝ ነበር።

«ሰርኬ» አሉ እናቷ፣ በጨለማ የሚናገር ሰው ድምፅ በመሰለ ድምፅ።

«አቤት እማዬ።»

«ቱም ይበርዳል?»

እናቷ በዚህ ድምፅ የሚጠይቁት ስለ ልጆቻቸው ብቻ ነው፤ በላ ወይ፣ ደርሷል ወይ፣ ለበሰ ወይ። ሰርካዲስ ግንባሯን እናቷ ጉልበት ላይ ደፋች።

«ማታ ማታ ይበርዳል መሰለኝ» አለች።

ወይዘሮ በየነች ከወንበራቸው ተነሡ። መብራቱን አበሩና ከመደርደሪያዎቹ ፊት ቆመው፣ ወፈር ያለውን ጨርቅ በእጃቸው እየዳሰሱ መምረጥ ጀመሩ።